ፍቅር፣ ምስጢርና ታሪክ በአንድ ጥራዝ፦ ስለ ክርስቲያናዊ ልብ ወለዶች የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ሁሉ በአንድ ጉዳይ ላይ ያጠነጥናሉ፤ የፍቅር ታሪክን፣ የሚፈታ ምስጢርንና ያለፈ ዘመንን አጣምረው ስለያዙ ክርስቲያናዊ ልብ ወለዶች። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የየትኛውንም መጽሐፍ መጨረሻ አልነገርንም፤ ያለ ስጋት ያንብቡ።

ጥያቄ፦ የፍቅር ልብ ወለድ እወዳለሁ፤ ግን ከፍቅር ሌላ ምንም ከሌለው ቶሎ ይሰለቸኛል። ልብ አንጠልጣይ መጽሐፍም እወዳለሁ፤ ደም ብቻ ሲሆን ግን አልገፋበትም። ታሪክ ያለበት፣ እምነትንም የማያቃልል መጽሐፍ ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ሦስቱንም ይዣለሁ የሚል መጽሐፍ ሞልቷል። የሚለያዩት ክሮቹ አብረው በመሸመናቸውና ባለመሸመናቸው ነው። ለመለየት ቀላል መንገድ አለ። ምስጢሩን ከመጽሐፉ አውጥተው ያስቡት፤ ፍቅሩ ምንም ካልጎደለበት ምስጢሩ ጌጥ ነበር ማለት ነው። ቀጥሎ ዘመኑን ይቀይሩት፤ ታሪኩ ዛሬም እንደዚያው ሊሆን የሚችል ከሆነ ያነበቡት ታሪካዊ ልብ ወለድ ሳይሆን የድሮ ልብስ የለበሰ ተራ ልብ ወለድ ነው። እምነቱንም እንዲሁ። ገጸ ባሕርይዋ ባታምን ኖሮ የምትወስነው ውሳኔ ያው ከሆነ፣ ጸሎቱ በላይ በላይ የተነሰነሰ ነው።

ይህን ፈተና በደንብ የሚያልፍ የመጀመሪያ መጽሐፍ ብለን የምንሰጥዎ የፖላንዳዊው ሄንሪክ ሼንኪየቪች «ኩዎ ቫዲስ» ነው። በጋዜጣ በተከታታይ ከወጣ በኋላ በ1896 በመጽሐፍ ታተመ። ርዕሱ በላቲን «ወዴት ትሄዳለህ?» ማለት ነው። መቼቱ (ታሪኩ የሚፈጸምበት ጊዜና ቦታ) በ64 ዓ.ም. አካባቢ ያለችው የኔሮን ሮም ናት። ቪኒሲየስ የተባለ ወጣት የሮም መኰንን ሊጊያ የምትባል በመያዣነት ሮም ያደገች የንጉሥ ልጅ ይወድዳል። መጀመሪያ ግን የሚያውቀው ፍቅር የመውሰድ ፍቅር ነው፤ በኃይል ወደ ቤቱ ሊያስመጣት ይሞክራል፣ እሷም በመንገድ ላይ ትሰወርበታለች። ምስጢሩ ከዚህ ይጀምራል።

አንዱን ፍንጭ ቀረብ ብለን እንየው። ሊጊያ ከመሰወሯ በፊት፣ በአትክልቱ ስፍራ ቪኒሲየስ ልቡን ሲከፍትላት፣ በሸምበቆ አሸዋው ላይ ዓሣ ትሥላለች። እሱ ትርጉሙ አይገባውም። ሴቲቱን ፈልግልኝ ብሎ የቀጠረው ኪሎን የሚባል ብልጣ ብልጥ ግሪካዊ ግን «ምን ሣለች?» ብሎ ይጠይቃል፤ ፍለጋው ሁሉ በዚያ ሥዕል ላይ ይንጠለጠላል። በግሪክኛ «ዓሣ» የሚለው ቃል ፊደሎች «ኢየሱስ ክርስቶስ፣ የእግዚአብሔር ልጅ፣ አዳኝ» የሚለው ሐረግ የመጀመሪያ ፊደሎች ናቸው። እንግዲህ አስተውሉ፤ በአንዲት ትንሽ ሥዕል ውስጥ ፍቅሩ አለ፣ ፍንጩ አለ፣ ዘመኑ አለ፣ እምነቱም አለ። ከአራቱ አንዱ ቢወጣ ትዕይንቱ ይፈርሳል። እንዲህ ዓይነት ትዕይንት ያለው መጽሐፍ ሲያገኙ አይልቀቁት።

ስለ እትሙ አንድ ማስጠንቀቂያ። በእንግሊዝኛ የሚገኘው አሮጌው ትርጉም የጀርማያ ከርቲን ነው፤ እሱም የ1896 ሥራ ነው። የቅጂ መብቱ ስላለፈ በነጻ ይገኛል፤ ቋንቋው ግን ያረጀና የከበደ ነው። የ1991 የኩኒቻክ ትርጉም በዘመኑ ቋንቋ የተጻፈ ስለሆነ ይፈስሳል። ብዙ ሰው «ኩዎ ቫዲስ» ከበደኝ ብሎ የሚተወው በመጽሐፉ ሳይሆን በትርጉሙ ምክንያት ነው። ሁለቱንም ካገኙ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ጎን ለጎን አንብበው ይምረጡ።

ሁለተኛው የሎይድ ዳግላስ «ዘ ሮብ» ነው፤ 1942። ርዕሱ የሚናገረው በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 19 ላይ ወታደሮቹ ዕጣ ስለተጣጣሉበት ከላይ ጀምሮ ወጥ ሆኖ ስለተሠራው እጀ ጠባብ ነው። በልብ ወለዱ ልብሱ የሚደርሰው ስቅለቱን እንዲያስፈጽም ለታዘዘው ማርሴለስ ለተባለ ወጣት ሻለቃ ነው። ከዚያች ቀን ወዲህ አእምሮው ይታወካል። «የሰቀልኩት ሰው ማን ነበር?» የሚለው ጥያቄ የመጽሐፉ ምስጢር ይሆናል። ጨርቅ ገዢ መስሎ ወደ ገሊላ ይወርዳል፤ ከመንደር መንደር እየዞረ የዓይን ምስክሮችን ያነጋግራል። አካሄዱ ልክ እንደ መርማሪ ነው፦ አንድ ምስክር፣ አንድ ቃል፣ አንድ ጥርጣሬ። በሮም ደግሞ ዲያና የምትባል ወጣት ትጠብቀዋለች፤ የሚያገኘው መልስ እሷን ሊያሳጣው እንደሚችል አንባቢው ከእሱ ቀድሞ ይረዳል።

ደካማ ጎኑንም እንንገራችሁ። ዳግላስ ተአምራትን አንዳንዴ ያለዝባቸዋል፤ ለምሳሌ የአምስት ሺሁን ሰዎች መብል ሰዎች ይዘውት የመጡትን ምሳ አውጥተው እንደተካፈሉ በሚያስመስል መንገድ ያቀርበዋል። ለዚህ ጉዳይ ጥንቃቄ የሚያደርግ አንባቢ አስቀድሞ ይወቀው። የምርመራው አጻጻፍ ግን እስከ ዛሬ ብዙዎች ያልደረሱበት ነው።

ጥያቄ፦ «ቤን ሁር»ን ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለቱንም ጊዜ ተውኩት። ሁሉም ያደንቀዋል። ችግሩ የእኔ ነው?

መልስ፦ ያቆሙት የመጀመሪያው ክፍል ላይ ከሆነ ችግሩ የእርስዎ አይደለም። የሉ ዋላስ መጽሐፍ (1880) በ8 ክፍሎች የተከፈለ ነው፤ ክፍል 1 በሙሉ ስለ ሰብአ ሰገልና ስለ ልደት ነው። ባለታሪኩ ይሁዳ ቤን ሁር የሚገባው በክፍል 2 ነው። ጸሐፊው የመልክዓ ምድሩንና የልብሱን ገለጻ ያበዛል፤ ይህ ደግሞ የራሱ ምክንያት አለው። መጽሐፉን ሲጽፍ ቅድስት አገርን አይቷት አያውቅም ነበር፤ ሁሉንም ከመጻሕፍት ስለለቀመው ያገኘውን ዝርዝር መጣል አልሆነለትም።

እንዲህ ያድርጉ። ከክፍል 2 ይጀምሩ። ይሁዳ ከጣራ ላይ ሆኖ የሮማውን ገዢ ሰልፍ ሲመለከት አንዲት ጡብ ከእጁ ስር ተንሸራትታ ትወድቃለች፤ የልጅነት ጓደኛው ሜሳላም አሳልፎ ይሰጠዋል። ክፍል 3 በመቅዘፊያ የሚሄደው የጦር መርከብ ነው። ክፍል 4 አንጾኪያ፣ ክፍል 5 የሰረገላው ውድድር። እናቱና እህቱ የት ገቡ የሚለው ምስጢር የሚከፈተው በክፍል 6 ነው፤ ከመጽሐፉ ሁሉ የሚያስለቅሰው እሱ ነው። ክፍል 8ን ከመጀመርዎ በፊት ወደ ክፍል 1 ተመልሰው ያንብቡት፤ ያን ጊዜ ሰብአ ሰገሉ ባልታዛር ማን እንደሆነ ስለሚያውቁ ያ የከበደው ገለጻ ትርጉም ያገኛል። በተለይ ከእሱ ልጅ ከኢራስና ከአስቴር መካከል ይሁዳ ማንን እንደሚመርጥ የሚመለከተው የፍቅር ክር ከዚያ በኋላ ይጠብቃል።

አጥሮ የተዘጋጀ እትም እንዳይገዙ ደግሞ ይጠንቀቁ። ሽፋኑ ላይ ላይጻፍ ይችላል፤ የውስጠኛውን የርዕስ ገጽ ገልጠው «አብሪጅድ» የሚል ቃል መኖሩን ይመልከቱ። ማውጫው ላይ 8ቱ ክፍሎች ከሌሉ ሙሉው አይደለም።

ጥያቄ፦ ከሁሉ በላይ የምወደው የምርመራ ታሪክ ነው። መርማሪው ራሱ አማኝ የሆነበት፣ ዘመኑም የድሮ የሆነ ተከታታይ መጽሐፍ አለ?

መልስ፦ አለ፤ እንደ እኛ እምነት በዘርፉ ከሁሉ የሚበልጠውም እሱ ነው። ኤሊስ ፒተርስ በሚል የብዕር ስም የጻፈችው ኢዲት ፓርጀተር ስለ ወንድም ካድፌል 20 ልብ ወለዶች አሳትማለች፤ የመጀመሪያው በ1977፣ የመጨረሻው በ1994። መቼቱ በ12ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ ሽሩስበሪ የሚገኝ የቤኔዲክቶስ ሥርዓት ገዳም ነው፤ ንጉሥ ስቲቨንና እቴጌ ሞድ ዙፋን ለመያዝ እርስ በርስ የሚዋጉበት ዘመን። ካድፌል በወጣትነቱ የመስቀል ጦረኛና መርከበኛ የነበረ፣ ዕድሜው ሲገፋ የመነኮሰ ዌልሳዊ ነው። ሥራው የመድኃኒት ቅጠላ ቅጠል ማብቀልና መቀመም ነው። ቁስልን ስለሚያውቅ ሬሳን ያነባል፤ ሰውን ስለሚያውቅ ሕያዋንን ያነባል።

ከሁለተኛው መጽሐፍ መጀመር ይሻላል እንላለን፦ «ዋን ኮርፕስ ቱ ሜኒ»፣ «አንድ ሬሳ በዛ» እንደማለት ነው። ንጉሥ ስቲቨን በ1138 የሽሩስበሪን ቤተ መንግሥት ከያዘ በኋላ የተማረኩትን ተከላካዮች ማሰቀሉ በታሪክ የተመዘገበ ነው። በልብ ወለዱ የተሰቀሉት 94 ናቸው። ካድፌል ሬሳዎቹን ገንዞ ለመቅበር ፈቃድ ይጠይቃል፣ ይቆጥራል፣ 95 ይሆኑበታል። የበዛው ወጣት አንገቱ ላይ ያለው ምልክት የመስቀያ ገመድ አይደለም፤ ከኋላ በቀጭን ነገር ታንቋል። ገዳዩ ሬሳውን ለመደበቅ ከሬሳዎች መካከል የተሻለ ቦታ አላገኘም። ሌላው ሰው «ከዘጠና አራቱ ጋር ይቀበር» ሲል ካድፌል ግን ለአንዲት ነፍስ ፍትሕ ካልተገኘ አልተውም ይላል። እምነቱ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ስብከት የለም፣ ቆጠራ ነው ያለው። ፍቅሩም አለ፤ ወንድ መስላ በገዳሙ አትክልት ስፍራ የተሸሸገች ልጃገረድ፣ የወንድሟን ሬሳ ለመለየት የመጣች ሌላ ሴት፣ በሁለቱ ዙሪያም ማን ወዳጅ ማን ጠላት እንደሆነ የማይለይ ወጣት መኰንን። የካድፌል ተደጋጋሚ ወዳጆች በዚህ መጽሐፍ ስለሚተዋወቁ ቀጣዮቹን ያቀላል።

ከዚያ በኋላ ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ግዴታ አይደለም፤ እያንዳንዱ ወንጀል በመጽሐፉ ውስጥ ያልቃል። የመጨረሻውን ግን ለመጨረሻ ያቆዩት። እነዚህ መጻሕፍት በክርስቲያን አሳታሚ የወጡ ስላልሆኑ በመጻሕፍት መደብር «ወንጀል» በሚለው መደርደሪያ ይፈልጓቸው፤ ብዙ አንባቢ የሚያጣቸው በተሳሳተ መደርደሪያ ስለሚፈልግ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ 15 ዓመቷ ነው። ጓደኞቿ «ሪዲሚንግ ላቭ» የሚባለውን የፍራንሲን ሪቨርስ መጽሐፍ እየተቀባበሉ ነው። መንፈሳዊ ነው ይላሉ። ልፍቀድላት?

መልስ፦ በዚህ ዕድሜ ብቻዋን እንድታነበው አንመክርም። መጽሐፉ የነቢዩ ሆሴዕን ታሪክ በ1850 ወደ ወርቅ ፍለጋው ካሊፎርኒያ ያመጣ ነው። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ በልጅነቷ ለዝሙት አዳሪነት የተሸጠች ሴት ናት፤ በሕፃን ላይ የሚደርስ ጥቃት በግልጽ ይነሳል። መጀመሪያ በ1991 ለአጠቃላይ ገበያ የወጣ ሲሆን በ1997 ለክርስቲያን አንባቢ ታርሞ እንደገና ታተመ። አሮጌ ቅጂ ከተገኘ ሁለቱ አንድ አይደሉምና ዓመቱን ይዩ። የታረመውም ቢሆን የአዋቂ መጽሐፍ ነው። ስለ ምሕረት የሚናገረው ነገር ትልቅ ነው፤ ለመረዳት ግን ቁስሉን መሸከም የሚችል ዕድሜ ይፈልጋል። ልጅዎ ጀምራው ከሆነ ከእጇ ከመንጠቅ አብረው ያንብቡ፤ የተከለከለ መጽሐፍ በትራስ ስር ይነበባል።

በምትኩ የዚያችው ደራሲ «ዘ ላስት ሲን ኢተር» (1998) አለ። መቼቱ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የአፓላቺያ ተራሮች ናቸው። በዚያ ተራራማ ሕዝብ ልማድ ሰው ሲሞት ኃጢአቱን ይበላለታል የተባለ፣ ማንም ዓይኑን የማያየው ሰው ወደ መቃብሩ ይመጣል። የ10 ዓመቷ ካዲ ይህ ሰው ማን እንደሆነ ልትደርስበት ትነሳለች፤ ፍለጋዋም መንደሩ የደበቀውን አሮጌ ወንጀል ይነካል። ምስጢሩ ጠንካራ ነው፣ ፍቅሩ ግን በጎን ነው።

ፍቅሩ ካልጎላ አልወድም ካለች የካትሪን ማርሻል «ክሪስቲ» (1967) ይሻላል። በ1912 የ19 ዓመት ልጅ በቴነሲ ተራሮች ለማስተማር ትሄዳለች፤ አንድ ሰባኪና አንድ ሐኪም ልቧን ይፈትናሉ፤ በመንደሩ ያሉ ሰዎች ያለፈ ታሪክ ቀስ እያለ ይገለጣል። ረጅም ነው፣ አይቸኩልም። የክርስቲያን ልብ ወለዶች የሚሸለሙበት የክሪስቲ ሽልማት የተሰየመው በዚህ መጽሐፍ ነው።

ጥያቄ፦ የፍራንሲን ሪቨርስን የሮም ዘመን መጻሕፍት በየትኛው ቅደም ተከተል ላንብብ?

መልስ፦ «አ ቮይስ ኢን ዘ ዊንድ» (1993)፣ «አን ኤኮ ኢን ዘ ዳርክነስ» (1994)፣ «አዝ ሹር አዝ ዘ ዶን» (1995)። ይህን ቅደም ተከተል አይዝለሉ። የመጀመሪያው የሚጀምረው ኢየሩሳሌም በ70 ዓ.ም. ስትወድቅ ነው፤ ሐዳሳ የምትባል ወጣት አማኝ ተማርካ በሮም ባለጠጋ ቤት ባሪያ ትሆናለች። መጽሐፉ በጡዘቱ፣ ማለትም ታሪኩ እጅግ በከረረበት ቦታ ላይ ስለሚቋረጥ ሁለተኛውን አብረው ይግዙ፤ ሁለተኛውን መጀመሪያ ካነበቡ ደግሞ የአንደኛው መጨረሻ ይበላሽብዎታል። ምስጢሩ የሚያይለውም በሁለተኛው ነው። ሦስተኛው በአትሬቴስ፣ በጀርመናዊው ግላዲያተር (ለሕዝብ ትዕይንት የሚዋጋ ተፋላሚ)፣ ላይ ያተኩራል፤ ሁለቱን ብቻ አንብቦ ማቆም ይቻላል።

ጥያቄ፦ አንድ ምዕራፍ በዛሬ፣ ሌላው ከመቶ ዓመት በፊት የሚሄዱ ልብ ወለዶች ግራ ያጋቡኛል። ስሞቹ ይምታቱብኛል። እንዴት ላንብባቸው?

መልስ፦ ይህ አጻጻፍ ዛሬ በክርስቲያናዊ ልብ ወለድ በጣም የተለመደ ነው፤ ምክንያቱም ያለፈው ዘመን ሰው የቋጠረውን የዛሬው ሰው ይፈታዋል። ሰው የሚደናገረው በአብዛኛው የምዕራፉን ራስጌ ሳያነብ ስለሚያልፍ ነው። ደራሲዎቹ ቀኑንና ቦታውን እዚያ ያስቀምጡታል። አንድ ወረቀት እንደ ዕልባት አድርገው ለሁለት ይክፈሉት፤ በግራ የድሮውን፣ በቀኝ የዛሬውን ስሞች፣ በየስሙ አንዲት ቃል ብቻ፦ «ሐኪም»፣ «እህት»፣ «ባለቤት»። ከሁለቱም ወገን የሚታይ ዕቃ ሲያገኙ (ደብዳቤ፣ ሥዕል፣ ቁልፍ) በመካከል ጻፉት። በአብዛኛው የምስጢሩ ቁልፍ ያ በመካከል የተጻፈው ዕቃ ነው። በቀን ጥቂት ገጽ እያሉ ለሳምንታት መጎተትም ይጎዳል፤ ቢያንስ ሁለቱን ዘመን አንድ አንድ ጊዜ ሳያዩ አይነሱ።

ለመለማመድ የጄሚ ጆ ራይት «ዘ ሃውስ ኦን ፎስተር ሂል» (2017) ጥሩ ነው። በ1906 ማንነቷ ያልታወቀ ሴት በአንድ ባዶ ቤት አጠገብ ሞታ ትገኛለች፤ የሐኪም ልጅ የሆነችው አይቪ ማን እንደነበረች ልታውቅ ትነሳለች። ከመቶ ዓመት በኋላ ባሏ የሞተባት ኬይን ያንኑ ቤት ሳታየው ትገዛዋለች። ቦታው አንድ ስለሆነ ለጀማሪ ይቀላል። በ2018 በምስጢር ዘርፍ የክሪስቲ ሽልማት አግኝቷል። ማታ ማታ ለሚፈሩ አስፈሪ ትዕይንቶች እንዳሉት እንጠቁማለን።

ከዚያ ከበድ ወዳለው፣ ወደ ክሪስቲ ካምብሮን «ዘ በተርፍላይ ኤንድ ዘ ቫዮሊን» (2014) ይሂዱ። የዛሬዋ ሴት በክንዷ ላይ ቁጥር የተነቀሰባትን የአንዲት ቫዮሊን ተጫዋች ሥዕል ታሳድዳለች፤ ያለፈው ዘመን የናዚዎች የሞት ካምፕ የነበረው አውሽቪትዝ ነው። በዚያ የሞት ካምፕ በ1943 የተቋቋመ የሴቶች ኦርኬስትራ በእርግጥ ነበር፤ አልማ ሮዜ የተባለችው ቫዮሊኒስት መርታዋለች፣ በ1944 እዚያው ሞታለች። ይህን አውቆ መግባት ንባቡን ይለውጠዋል።

ሁለት ዘመን ፈጽሞ አልወድም ካሉ ግን የጁሊ ክላሰን «ዘ ሲክሬት ኦቭ ፔምብሩክ ፓርክ» (2014) በአንድ ዘመን ይሄዳል። ቤተሰቧ የከሠረባት አቢጌል ለ18 ዓመት ተዘግቶ ወደኖረ መኖሪያ ትገባለች፤ የሻይ ስኒዎቹ እንኳ ነዋሪዎቹ በድንገት ጥለዋቸው እንደሄዱ ጠረጴዛው ላይ ናቸው። ከዚያ ላኪያቸው ያልታወቀ ደብዳቤዎች መምጣት ይጀምራሉ። ፍቅሩ ጨዋ ነው፣ ደም የለም ማለት ይቻላል። በዚህ ዓምድ ከጠቀስናቸው ሁሉ ለማንም ሰው ያለ ስጋት በስጦታ የሚሰጠው ይህ ነው።

ጥያቄ፦ በልብ ወለድ ያነበብኩትን በትምህርት ላይ እንደ ታሪክ ጠቅሼ ታረምኩ። እውነቱን ከፈጠራው እንዴት ልለይ?

መልስ፦ ይህ ጥያቄ በብዛት ይደርሰናል፤ ስለዚህ ሰፋ አድርገን እንመልሰው።

መጀመሪያ ከመጽሐፉ መጨረሻ ያለውን የደራሲውን ማስታወሻ ያንብቡ። ጥሩ ደራሲ የትኛው ሰው በእርግጥ እንደነበረ፣ የትኛውን ቀን እንዳዛወረ እዚያ ይናገራል። ማስታወሻው የሴራውን ፍቺ ሊያወጣ ስለሚችል ከንባቡ በኋላ ይሁን። ማስታወሻ የሌለው መጽሐፍ ከሆነ ሁሉንም ነገር ፈጠራ አድርገው ይያዙ፤ እስኪረጋገጥ ድረስ።

ቀጥሎ ሰዎቹን ለዩ። «ኩዎ ቫዲስ»ን እንውሰድ። ቪኒሲየስና ሊጊያ ፈጠራ ናቸው። ፔትሮኒየስ ግን በእርግጥ ነበረ፤ ታሲተስ የተባለው ሮማዊ የታሪክ ጸሐፊ በኔሮን ቤተ መንግሥት የጥሩ ጣዕም ዳኛ እንደነበረና እንዴት እንደሞተ ጽፎለታል። ሊጊያን ያሳደገችው ፖምፖኒያም በእርግጥ ነበረች፤ በ57 ዓ.ም. «የባዕድ እምነት» በሚል ተከስሳ ባሏ አውሉስ ፕላውቲየስ ዳኝቶ ነጻ እንዳላት እዚያው ተጽፏል። እምነቷ ክርስትና ነበር ማለት ግን የደራሲው ግምት ነው፤ ምንጩ አይልም። እንዲህ ያለውን ክፍተት ማየት ስትለምዱ ልብ ወለዱ አይቀንስባችሁም፤ ደራሲው የት ቆሞ እንደፈለሰፈ ማየት ራሱ ደስ ይላል።

ሦስተኛ፣ በልብ ወለድ በኩል የተስፋፉትን ስሕተቶች ይወቁ። በብዛት የሚያሳስቱት እነዚህ ናቸው።

ሮም ስትቃጠል ኔሮን ክራር ይመታ ነበር የሚለው። እሳቱ በሐምሌ 64 ሲነሳ ኔሮን ከሮም ውጭ በምትገኘው በአንቲየም ከተማ እንደነበረ ታሲተስ ይናገራል፤ ከተማዋ ስትነድድ ዘፈነ የሚለውን እንደ ወሬ ነው የሚጠቅሰው። ከሮም 14 ወረዳዎች 3ቱ ፈጽመው ወደሙ፣ 7ቱ ተጎዱ፣ 4ቱ ተረፉ። በክርስቲያኖች ላይ ጥፋቱ መለጠፉንና መሰቃየታቸውን ግን እሱው መስክሯል፤ ይህ ፈጠራ አይደለም።

በመርከብ ሆድ የታሰሩ ቀዛፊ ባሮች። «ቤን ሁር»ና ፊልሞቹ በሰው ሁሉ ልብ ተክለውታል። የሮም የጦር መርከብ ቀዛፊዎች በደንቡ ነጻ ሰዎችና ደመወዝተኞች ነበሩ፤ ወንጀለኛን በመርከብ ላይ ማሰር ከብዙ ዘመን በኋላ የመጣ ልማድ ነው።

በኔሮን ዘመን በካታኮምብ ተደብቆ ማምለክ። ክርስቲያኖች ከመሬት በታች ያሉትን መቃብሮች መቆፈር የጀመሩት በ2ኛው ክፍለ ዘመን ነው፣ ያውም ለቀብር እንጂ ለመደበቂያ አይደለም።

የዓሣው ምልክት ራሱ። ዓሣን ከክርስቲያኖች ምልክት ጋር ከሚጠቅሱ ቀደምት ጸሐፊዎች አንዱ የእስክንድርያው ቀሌምንጦስ ነው፤ የጻፈውም ከኔሮን ከመቶ ዓመት በላይ ዘግይቶ ነው። ስለዚህ በ64 ዓ.ም. አሸዋ ላይ ዓሣ መሣል ውብ ግምት ነው እንጂ የተመሰከረ ነገር አይደለም።

«ጌታ ሆይ፣ ወዴት ትሄዳለህ?» የሚለው ጴጥሮስ ከሮም ሲሸሽ የሆነው ትዕይንትም እንዲሁ ከአዲስ ኪዳን አይደለም፤ «የጴጥሮስ ሥራ» ከተባለው የ2ኛው ክፍለ ዘመን አዋልድ መጽሐፍ የመጣ ነው። ጥያቄው ራሱ በዮሐንስ 13፥36 በጴጥሮስ አፍ አለ፤ ቦታውና ሁኔታው ግን ሌላ ነው። በትምህርት ላይ የሚያሳርመው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ በወር አንድ መጽሐፍ አብረን እናነባለን። ውይይታችን ግን «ጥሩ ነው፣ ደስ ይላል» ከማለት አያልፍም። ምን እናድርግ?

መልስ፦ የምትሳሳቱት ሁላችሁም ከጨረሳችሁ በኋላ ስለምትገናኙ ነው። ምስጢር ከተፈታ በኋላ የሚቀረው አድናቆት ብቻ ነው። ከመጨረሻው በፊት ተገናኙ። የመጽሐፉ ሁለት ሦስተኛ ላይ አንድ ምዕራፍ ምረጡና ማንም ከዚያ እንዳያልፍ ተስማሙ። በስብሰባው ላይ እያንዳንዱ ሰው ሦስት ነገር በወረቀት ይጻፍ፦ ጥፋተኛው ማን እንደሚመስለው፣ ያንን ያሰኘው የትኛው ገጽ እንደሆነ፣ እንዲሁም ባለታሪኳ ማንን እንደምታገባ። ወረቀቶቹ ታጥፈው በአንድ ፖስታ ይቀመጡ። ከዚያ ክርክሩ ስለ ገጹ ይሁን። ደራሲው የጣለውን ንግር (በኋላ የሚሆነውን አስቀድሞ የሚጠቁም ነገር) ማን አየው? አሳሳች ፍንጭ የነበረው የትኛው ነው? ፖስታው በቀጣዩ ስብሰባ ይከፈት።

ለዚህ የካድፌል መጻሕፍት ይመቻሉ፤ አጭር ናቸውና በሁለት ስብሰባ ያልቃሉ። «ቤን ሁር»ን የምታነቡ ከሆነ 8ቱን ክፍሎች ሁለት ሁለት አድርጋችሁ በአራት ስብሰባ ጨርሱት፤ የእናቱንና የእህቱን ነገር በተመለከተ የሚጻፈው ግምት ግን ክፍል 6 ከመነበቡ በፊት፣ ማለት በሁለተኛው ስብሰባ ላይ መታጠፍ አለበት። አስቀድሞ ያነበበ ወይም ፊልሙን ያየ ሰው ካለ ፖስታ ያዢው እሱ ይሁን።